የቆሻሻ ቀን

ጥያቄው ቁጥር አሥራ አራት ነበር። «በየወሩ የሚወጣውን የጨርቅ ቆሻሻ በኪሎ ይግለጹ፤ የት እንደሚደርስም ያብራሩ» ይላል። እኔም ስክሪብቶዬን አንስቼ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ደረቴን ነፍቼ የመለስኩት እሱን ብቻ ነው። ሌላውን እየሰጋሁ፣ እየሰረዝኩ፣ ሰው እየጠየቅኩ ነበር የሞላሁት። መዘዙ ከዚህች አንዲት ቃል እንደሚመጣ ማን ጠርጥሮ!

አሰላ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ገባ ብሎ፣ አነስተኛ የልብስ መሥሪያ ቤት አለኝ። ስድስት ሸማኔዎች፣ አራት የስፌት መኪና ላይ የሚሠሩ ሴቶች፣ አንድ ቆራጭና እኔ ነን። አባቴ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው፤ እኔ ግን የተወለድኩት እዚሁ ስለሆነ ስለ አሰላ ብርድ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። የምንሠራውም ለዚሁ ብርድ ነው። በእጅ ከተሸመነ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ የሚሰፋ፣ ለወንድም ለሴትም የሚሆን ጃኬት።

ቆራጫችን ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎበሳ መጥተው፣ ሰልባጅ ተራ ጥግ ካለች በረንዳ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተው በረንዳዋን ተዉና እኔ ጋ መጡ፤ መቀስ ለመያዝ ግን ማንም አይወዳደራቸውም። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

የጋሼን አቆራረጥ ካልነገርኳችሁ ንዴቴ አይገባችሁም። ጨርቁ ከሸማኔው እጅ የሚወጣው ጠበብ ብሎ ነው። ጋሼ ስፋቱን አይነኩትም፤ እንዳለ ለፊትና ለኋላ ያደርጉታል፣ አንዱን ለሁለት ሰንጥቀው ለእጅጌ። ለአንገት ሲከፍቱ የሚወጣው ቁራጭ የኪስ ክዳን ይሆናል። ሸማኔው ድሩን ሲጨርስ የምትተርፈውን ክር ሴቶቹ ይገምዷትና የጃኬቱ ማንጠልጠያ ትሆናለች። ከመኪናው ሥር የሚጠረገው ብናኝ እንኳ የምንቀመጥበት ትራስ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን አዲስ የገባች ሠራተኛ ጣት የምታህል ቁራጭ ጠርጋ ልትጥል ስትል እጇን ያዟት። «ላኪ፣ ኢንተለ ኮ» አሏት፤ ተይ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጨርቅ እኮ እንደ በግ ነው። ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ይነጠፋል፣ ፈርሱም ለጓሮ ይሆናል። ምኑ ነው የሚጣለው?» ልጅቷም ቁራጯን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ጅምላ ገዢዋ ጃኬታችንን ያየችው አዲስ አበባ አንድ ባዛር ላይ ነው። ውጭ አገር ላሉ ሱቆች ልብስ የምታከፋፍል ሴት ናት፤ እሷን አይቻት አላውቅም፤ የሚያገናኘን አዲስ አበባ ያለው ወኪሏ ነው። ወኪሉ ደውሎ ብዙ ጃኬት በአንድ ጊዜ እንደምትፈልግ፣ ሥራው ክረምቱን ሙሉ እንደሚዘልቅ ሲነግረኝ ስልኩን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።

ክረምት ለእኛ ክፉ ነው። መንገዱ ይጨቀያል፣ ገበሬው ያለውን ለማዳበሪያ ያወጣል፣ ከሲሬም ከጎበሳም የሚመጡት ነጋዴዎች ይጠፋሉ። ሸማኔዎቹ በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ልብሳቸውን ሸክፈው የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ አዳማ ይወርዳሉ። መስከረም ላይ ሁሉም አይመለሱም። አንዱ እጁ ሲሚንቶ ተሸክሞ ደንድኖ፣ ክር መያዝ አቅቶት መጥቷል። ይህ ትዕዛዝ ከተሳካ ስድስቱም ክረምቱን እዚሁ ተቀምጠው ይሸምናሉ። እኔ የፈለግኩት ይህንን ነበር፤ ሌላ አልፈለግኩም።

«ደንበኞቻችን ዘላቂነት ያለው ብራንድ ነው የሚፈልጉት» አለኝ ወኪሉ። «አካባቢን የማይጎዳ፣ ሀብት የማያባክን። መጠይቅ እልክልዎታለሁ፤ ነጥብ አለው።»

ደስ አለኝ። ማባከን የማያውቅ ቤት አለማባከኑን ተጠየቀ፤ ምን ይፈራል? እውነቱን ለመናገር መጠይቁ አንድ ጥሩ ነገር አድርጎልናል። ክር የምንነክርበትን የቀለም ውሃ ዝም ብለን ቦይ ውስጥ ነበር የምንደፋው፤ ስለሱ ሲጠየቅ አፍሬ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ ጠጠርና ከሰል አስደለደልኩበት። ማሸጊያ ፌስታሉንም ትቼ በጨርቅ ከረጢት ተካሁት። ለዚህ አመሰግናለሁ። አሥራ አራተኛው ላይ ግን አበቃ።

በሳምንቱ ወኪሉ ደወለ። «አሥራ አራትን ባዶ ትተውታል።»

«ባዶ አይደለም፤ የለም ብዬ ጽፌያለሁ።»

«የለም የሚባል መልስ ሲስተሙ አይቀበልም። ቆሻሻ የሌለው ፋብሪካ የለም። ቆሻሻ የለኝም ያለ ወይ አይመዝንም፣ ወይ ይደብቃል፤ እንደዚያ ነው የሚወሰደው።»

«ይምጡና ይዩዋ!»

መጣ። ትሑት ልጅ ነው፣ አልዋሽም፤ ከሸማኔዎቹ ጋር ሁሉ እየተጨባበጠ ነው የገባው። ከዚያ መዝገቡን ይዞ ዙሪያውን መፈለግ ጀመረ። «የቆሻሻ መጣያችሁ የት ነው?» አለ። የለንም አልነው። ጠረጴዛ ሥር አየ፣ ከበሩ ኋላ አየ፣ ጓሮ ወጣ። ጋሼ መቀሳቸውን እንደያዙ እሱን እያዩ፣ «ምን ጠፍቶበት ነው?» አሉኝ በጆሮዬ። ቆሻሻ መሆኑን ስነግራቸው የምቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ልጁ ግን «የቆሻሻ አያያዝ ሥርዓት የላቸውም» ብሎ ጻፈ።

ቀጥሎ ወደ ቁልፎቹ ዞረ። ከየት እንደምናመጣቸው ጠየቀኝ። ከሰልባጅ፣ አልኩት፤ ከተቀደደ ሸሚዝና ካፖርት ላይ እየፈታን ነው፤ አንድ ቁልፍ ስንት ዘመን ይኖራል። «ሰነድ አለው?» አለ። «የት እንደተመረተ የሚያሳይ?» እንግዲህ ካፖርቱ የመጣው ከእነሱው አገር ነው። ለብሰው፣ ሰልችተው፣ በጥቅል አስረው የላኩት ነው። ሰነዱን እዚያው ይጠይቃ! ይህንን ለእሱ አላልኩትም፤ ትዕዛዙን ፈልጌ ነበርና «አናውቅም» አልኩት። ከሄደ በኋላ ግን ሴቶቹን ያለ ጥፋታቸው ስቆጣቸው ዋልኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይኸው ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት ሦስት ባለ ክዳን በርሜሎች ይግዙ ተባልኩ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ሰማያዊ፤ በየዓይነቱ ለመለየት። ገዛሁና ግድግዳውን ተደግፈው ተሰለፉ። ምን እንጣልባቸው? ሳምንት ሙሉ አፋቸውን ከፍተው አዩን። በሳምንቱ የፈረቃው ቀን ደርሶ ውሃ ሲመጣ ሴቶቹ ምን ቸገራቸው፣ ሦስቱንም ሞሉባቸው። ወኪሉ ፎቶ ሊያነሳ ተመልሶ ሲመጣ አረንጓዴውን ከፍቶ ጎንበስ አለና የራሱን ፊት አየ።

ያኔ አልሳቀም። ወደ ውጭ ጠራኝና ቀስ ብሎ፣ ለእኔ አዝኖ ነው የነገረኝ። «ነጥቡ የሚሰጠው ቆሻሻውን መልሶ ጥቅም ላይ ለሚያውል ነው። ቆሻሻ ከሌለዎት መልሰው የሚያውሉት የለዎትም። ነጥቡ ዜሮ ነው። ዜሮ ነጥብ ይዤ ገዢዋ ፊት አልቀርብም።» ዙሪያውን አየና ጨመረ፤ «ሌሎቹ እኮ በየወሩ ጆንያ ጆንያ ነው የሚያወጡት። እርስዎም ትንሽ ነገር ቢኖር…»

ትንሽ ነገር ቢኖር! እንግዲህ ሸማኔዎቹን አሰብኩ፤ ሲሚንቶ የተሸከመውን እጅ አሰብኩ። ይህ ሰበብ አይደለም፤ እንደዚያ ነው የሆነው። በማግስቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል አውርጄ ጋሼ ፊት ዘረጋሁት። የሽማግሌው ሸማኔያችን የሦስት ቀን ሥራ ነበር፤ ዳሩን ስታዩት እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ።

«ጋሼ፣ ይህንን ዛሬ እንደ ሌላ ቤት ይቁረጡልኝ። ክብ ክብ አድርገው፤ ትርፍ እንዲወጣው።»

«ትርፉ ለምን ይሆናል?»

«ለበርሜሉ።»

ስንት ክንድ ልቁረጥ እንደሚሉት ዓይነት፣ ያለ ቁጣ፣ «ስንት ይጣል?» አሉ።

«ይሙላው» አልኩ።

መቀሱን በእጀታው በኩል አዙረው ፊቴ አስቀመጡት። «እጄ እሺ አይለኝም። ራስሽ ቁረጪው» አሉ። ወንበራቸውንም አነሱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀመጡ።

ቆረጥኩት። የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ቆሙ። የሸመነው ሰውዬ ማጉን እንደያዘ ከሽመና ዕቃው ላይ ሆኖ ያየኝ ነበር። ጨርቁ አዲስ ስለነበር መቀሱ ሲገባበት ድምፁ ጎላ ብሎ ይሰማል። ብልሹ እንዲመስል አንዳንዱን በእጄ ቀደድኩት። ሦስቱንም በርሜሎች ሞልቼ ፎቶ አነሳሁና ላክሁ። ወኪሉ ወዲያው መለሰ፤ «በጣም ጥሩ መሻሻል ነው፣ እናመሰግናለን» ይላል።

ትዕዛዙ መጣ። ሐምሌ ገባ፤ ስድስቱም ሸማኔዎች አልወረዱም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውስጥ ሆነው መወርወሪያቸውን ሲወረውሩ እሰማና ደግ አደረግሁ እላለሁ። ችግሩ ቆሻሻው በየወሩ መሆኑ ነው። የወሩ መጨረሻ ዓርብ በደረሰ ቁጥር አንድ ጥቅል አወርዳለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ እፈርማለሁ። ሴቶቹ ስም አወጡለት፤ «ዛሬ የቆሻሻ ቀን ነው» ይባባላሉ፤ መጀመሪያ እየሳቁ፣ ኋላ ሳይስቁ። ጋሼም ሳይነገራቸው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ሠርተው፣ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ «ደህና እደሪ» ብለውኝ ይሄዳሉ። አንድ ቀን እንኳ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ቁርጥራጩ አዲስ አበባ ተልኮ ተፈጭቶ የትራስ ሙሌት መሆን ነበረበት። እኛ ብናኝ ጠርገን የምንሠራውን ትራስ፣ እነሱ ደህናውን ጨርቅ ቆርጠን፣ መኪና ላይ ጭነን፣ ፈጭተን እንድንሠራው ነው የፈለጉት! የመጀመሪያውን ጆንያ ራሴ ነኝ ይዤ የወረድኩት። መናኸሪያ ሾፌሩ ጆንያውን ጭኖልኝ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ቆሻሻ ነው አልኩት። «ቆሻሻ በታሪፍ?» ብሎ ለተሳፋሪው ሁሉ አወራው፤ እስከ ዴራ ሳቁብኝ። ዴራ ቆመን ሳለ ከታች አንድ አይሱዙ የሰልባጅ ጥቅል እስከ አፉ ጭኖ ወደ አሰላ ሲወጣ አየሁ። የእነሱ ቆሻሻ ሽቅብ፣ የእኛ ቆሻሻ ቁልቁል፤ አስፋልቱ ላይ ተላለፍን። እነሱን ግን አሥራ አራተኛውን ጥያቄ የጠየቃቸው የለም።

መስከረም አልፎ ካታሎጋቸው መጣ። ወረቀቱ ወፍራም፣ ሥዕሉ ያማረ ነው። ጃኬታችን ሁለት ገጽ ይዟል፤ በቀጣዩ ገጽ ላይ ደግሞ በርሜሎቼ አሉ። በርሜሎቹ ከነቁርጥራጫቸው፣ ከበላያቸው ጽሑፍ። ሴቶቹ ተሰበሰቡ፣ ሸማኔዎቹም ከዕቃቸው ላይ ወረዱ። ጋሼ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ገጹን ዳሰሱት።

«ምን ይላል?» አሉ።

ልዋሽ እችል ነበር። ከእኔ በቀር እንግሊዝኛውን የሚያነብ የለም፤ «ጎበዞች ናቸው ይላል» ብል ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ሥራው ይገባል። ሰውዬው ግን ለወራት ግድግዳ ሲያዩ የከረሙ ሰው ናቸው። እንዳለ ተረጎምኩላቸው።

«እኚህ ሰዎች ከእኛ ጋር ከመሥራታቸው በፊት ቆሻሻ የሚይዙበት ሥርዓት አልነበራቸውም። ዛሬ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ እንኳ እንዳትባክን ከእኛ ተምረዋል፤ ይላል።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ያን ቀን ንዴቴ ከአፌ ሞልቶ ፈሰሰ። ለማን አለማባከን የሚያስተምሩት? ጣት የምታህል ቁራጭ ላይ እጅ ለሚይዙት ሰውዬ? ቁልፍ እየፈታን፣ ክር እየገመድን፣ የእነሱን አሮጌ ካፖርት ለብሰን ላደግነው? ተናግሬ ተናግሬ ሲደክመኝ ጋሼ አሁንም ገጹን እያዩ ነበር።

«ይኼንን ቆሻሻ በየወሩ እናወጣለን ብለሽ ፈርመሻል?» አሉኝ።

«ፈርሜያለሁ።»

«እንግዲያው እውነት ነው» አሉ። ካታሎጉን አጥፈው ሰጡኝና ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ወኪሉን፣ ገዢዋን፣ መጠይቁን፣ ያላየሁትን «ሲስተም» ሁሉ ስራገም ከርሜያለሁ፤ ዛሬም አልተውኳቸውም። ነገር ግን የጋሼን የዕድሜ ልክ ሙያ ብልሽት ነበር ብሎ የፈረመው ከእነሱ አንዱም አይደለም፤ እኔ ነኝ። መቀሱን የያዘው የእኔ እጅ ነው።

የወሩ መጨረሻ ዓርብ ደረሰ። የሚቀጥለው ዓመት ትዕዛዝ መጠይቅም ያኔ ነበር የሚላከው። ሸማኔዎቹን ሰብስቤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አሥራ አራትን እንደ እውነቱ ከሞላሁት ክረምቱ እንደ ድሮው ሊሆን እንደሚችልም አልደበቅኩም። መጀመሪያ የቆረጥኩትን ጨርቅ የሸመነው ሰውዬ ነው የተናገረው፤ «ልጆቼ ስለሚበሉበት ነው ዝም ያልኩሽ» አለ። «ግን ጨርቄን ስትቀድጂው ወደ ኋላ ዞሬ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር።» አንድ ሌላው ግን ተቆጣ። «ለጨርቅ ክብር ብለሽ እኛን በክረምት ልታስወጪን ነው?» አለኝ። የሱም እውነት ነው።

«የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑም፣ ቦታው ስለማይበቃ በሌላ ወረቀት፣ የአንገቱ ቁራጭ የት እንደሚገባ፣ የድሩ ትራፊ ምን እንደሚሆን፣ ብናኙ ሳይቀር አንድ በአንድ ዘርዝሬ፣ ከዚህ በፊት የላክሁት ፎቶ ሆን ተብሎ ከተቆረጠ አዲስ ጨርቅ የተነሳ መሆኑንም ጨምሬ ላክሁ።

መልሱ አንድ ገጽ አልሞላም። ጋሼ የሚመጣውን ሁሉ እንዳነብላቸው አደራ ብለውኝ ስለነበር ይዤው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግተው በጠመኔ እያሰመሩ ነበር። ከኋላቸው ሁለት የሽመና ዕቃዎች ድር ሳይወጠርባቸው ቆመዋል፤ ያ የተቆጣኝ ሸማኔና አንድ ጓደኛው ክረምቱን ሳይጠብቁ ወደ አዳማ ወርደዋል።

«ምን ይላሉ?» አሉኝ።

«ትዕዛዙን የቆሻሻ አያያዙ የተሻለ ለሆነ ለሌላ ቤት ሰጥተናል ይላሉ። እናንተ ቆሻሻ የላችሁም ነው የሚሉት።»

ጠመኔያቸውን አስቀመጡ።

«ይኼኛው እውነት ነው» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው የጨርቁን ጫፍ ዘረጉልኝ። «ምን ትቆሚያለሽ፣ ኢንተለ ኮ? በዚያ በኩል ያዥልኝ።»

ያዝኩላቸው።